የወገብ ህመም፣ ሐራራና ጭንቀት ለምን አብረው እንደሚመጡ

በሐረር ጀጎል፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግራና ቀኝ የስፌት መኪና በተደረደረበት በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ወገቡን ወይም ትከሻውን የማያመው ሰፊ ማግኘት ከባድ ነው። የብዙዎቹ ህመም ያርፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያርፋል። የእኔ ግን ሥር ሰድዶ ዓመታት ቆየ። ከህመሙ ጋር ጫቱ፣ ከጫቱ ጋር እንቅልፍ ማጣቱና ንዴቱ ተከታትለው መጡ። ለወገቡ ኪኒን፣ ለጫቱ መሐላ፣ ለንዴቱ ጸሎት እያልኩ እያንዳንዱን ለየብቻው ስታገለው ኖርኩ። ሦስቱም አንጎል ውስጥ አንድ ቦታ ላይ እንደሚገናኙ ስረዳ ነው ነገሩ መልክ የያዘልኝ። ይህን የምጽፈው ታምሞ፣ በህመሙ ምክንያት ቅጠል ይዞ፣ አሁን ከየትኛው ልጀምር ብሎ ግራ ለተጋባ ሰው ነው።

ህመሙ የጀመረኝ ለሠርግ ልብስ የመጣ ከባድ ጣቃ ከመሬት ሳነሣ ነው። ከታችኛው ወገቤ ተነሥቶ በቀኝ ዳሌዬ በኩል እስከ ባቴ ድረስ እያቃጠለ ይወርድ ነበር። ስመረመር በወገብ አጥንቶቼ መካከል ያለ አንድ ዲስክ ወጣ ብሎ ነርቭ እንደነካ ተነገረኝ። ሐኪሙ እንዲህ ያለው ነገር አብዛኛውን ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ እንደሚለቀው ነገረኝ። እውነቱን ነበር፤ እግሬ ላይ የሚወርደው ማቃጠል ለቀቀኝ። ወገቤ ላይ ያለው ግን አልሄደም። በሕክምና ከሦስት ወር በላይ የቆየ ህመም ሥር የሰደደ ህመም ይባላል፤ እኔም ሳላስበው ወደዚያ ተሻገርኩ። ቆይቼ በኤምአርአይ ስታይ ዲስኩ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነበር። ምስሉን የተመለከተው ሌላ ሐኪም "አሁን እንኳ ምንም የለብህም" ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

"ምንም የለብህም" መባል ታማሚን ምን እንደሚያደርገው የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ሰውየው በክፋት አልተናገረም። እኔ ግን ከዚያ ክፍል የወጣሁት ውሸታም የተባልኩ ያህል እየተሰማኝ ነው። በማግስቱ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክር ለመሰካት ጎንበስ ስል ያው ህመም ያው ቦታ ላይ ያዘኝ። ትንፋሼን ውጬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ የክሩን ጫፍ በምራቄ አርጥቤ ስሞክር እጄ እየተንቀጠቀጠ ክሩ የመርፌውን ጎን ይመታል እንጂ አይገባም። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። ሰውነቴ ያለውን አውቃለሁ፤ ወረቀቱ ደግሞ ምንም የለም ይላል።

ጫቱ የመጣው በዚህ መካከል ነው። እኛ ዘንድ ጫት ከሰዓት በኋላ የሚከፈት በር ያህል ተራ ነገር ነው። ከአወዳይ የሚመጣው ቅጠል ከምሳ በኋላ በየሱቁ ይገባል፤ ለውዝና ውኃ ይቀርባል፤ በርጫው እዚያው መኪናው አጠገብ ይሆናል። ከዚያ በፊት ለወግ ያህል እንጂ ብዙም አልቅምም ነበር። ወገቤን ከያዘኝ በኋላ ግን ቅሜ ስሰፋ እስከ ማታ ተቀምጬ መቆየት እንደምችል አየሁ። ይህ ማታለያ አልነበረም፤ እፎይታው እውነተኛ ነበር። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎች እንዲለቀቁ ያደርጋል። ድካምን ያባርራል፣ ረኀብን ያስረሳል፣ ሐሳብን ይሰበስባል፣ ህመምንም ከፊት ገሸሽ ያደርገዋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ስለሚለወጥ ነው ቃሚ ሁሉ እርጥብ የሚሻው፤ የጫት መኪናም እንደዚያ የሚበረው ለዚሁ ነው።

ችግሩ ምርቃናው ሲበርድ ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ወገቤ ጠዋት ከነበረው ብሶ ይጠብቀኛል። እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ልጆች ድምፅ ከፍ ካደረጉ እቆጣለሁ። ሳልቅም የዋልኩ ዕለት ደግሞ ሌሊቱን ዱካክ ያስጨንቀኛል። ዱካክን ለማያውቅ ሰው መግለጽ ይቸግራል፤ ደረትህ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ፣ መጮህ ትፈልጋለህ፣ ድምፅህ አይወጣም፣ ስትነቃ ላብ በላብ ነህ። ወራት ሲቆጠሩ የምቅመው ለምርቃና መሆኑ ቀረ፤ እንደ ሰው ተቀምጬ ለመሥራት፣ ሰው ሳላስቀይም ለመዋል ሆነ።

አንድ ነገር ግን አልገጥም ብሎኝ ነበር። ህመሙ ከሥራው ጋር አይሄድም። በፋሲካ ሰሞን ሥራ በተቆለለበት ወቅት አንዳንዴ ደህና እሆናለሁ። የሱቁ አከራይ ኪራይ እጨምራለሁ ብሎ በተናገረበት ሳምንት ግን መርፌ ሳልነካ ወገቤ ተቆልፎ አልጋ ላይ ዋልኩ። ዲስክ ስለ ኪራይ ምን ያውቃል?

መልሱን ያመጣልኝ የእህቴ ልጅ ነው። የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ እዚሁ ሐረር ነው፤ እርሱም እዚያ ሕክምና ይማራል። እሑድ ከሰዓት ቡና እየጠጣን ይህንኑ ሳነሣበት "ጋሼ፣ ህመሙ እውነተኛ ነው፤ የሚነሣው ግን አሁን ከዲስኩ አይደለም" አለኝ። ከዚያ በኋላ በብዙ ጨዋታ ያስረዳኝን፣ እኔም እየጠየቅኩና እያነበብኩ የጨመርኩበትን፣ በምችለው መጠን ላስቀምጠው።

ጭንቀት ሰውነትን እንደሚለውጥ በሳይንስ መነገር የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ሃንስ ሴልዬ የሚባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1936 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንዳሳየው አይጦች ብርድም ይጎዳቸው፣ ቁስልም፣ መርዝም፣ ሰውነታቸው የሚሰጠው ምላሽ ተመሳሳይ ነው። ምላሹን የሚያስጀምረው መልእክተኛ ግን እስከ 1981 ድረስ አልተያዘም ነበር። በዚያ ዓመት ዋይሊ ቬልና ባልደረቦቹ አሜሪካ በሚገኘው ሶልክ ኢንስቲትዩት ከበግ አንጎል 41 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ፕሮቲን መሰል ነገር ለይተው አወጡ። ኮርቲኮትሮፒን ሪሊዚንግ ፋክተር፣ በአጭሩ ሲአርኤፍ ይባላል። አንጎል ሥር ካለው ሃይፖታላመስ ከተባለ ክፍል ሲለቀቅ ፒቱታሪ ዕጢን ይቀሰቅሳል፤ ፒቱታሪው ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች ያዛል፤ እነርሱም ኮርቲዞል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ያፈስሳሉ። ልብ በፍጥነት የሚመታውና ስኳር ወደ ደም የሚወጣው፣ ሰውነት ለአደጋ የሚዘጋጀው በዚህ መንገድ ጭምር ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሲአርኤፍ የሚሠሩ የነርቭ ሕዋሳት ሃይፖታላመስ ውስጥ ብቻ አይደሉም። ከጆሯችን ፊት ለፊት ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ፣ በግራም በቀኝም፣ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ፍርሃት፣ ሥጋትና ንዴት በብዛት የሚስተናገዱት እዚያ ነው። በማዕከላዊው የአሚግዳላ ክፍል ውስጥም ሲአርኤፍ የሚለቅቁ ሕዋሳት በብዛት ይገኛሉ። ወደዚሁ ክፍል ደግሞ ከሰውነት የህመም ወሬ በአጭር መንገድ ይደርሳል፤ ከህብለ ሰረሰር ተነሥቶ፣ በአንጎል ግንድ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ጣቢያ በኩል አልፎ። ወሬው "የት ጋ ነው የሚያምህ?" የሚለውን አይመልስም፤ ያንን ሌላ የአንጎል ክፍል ይሠራዋል። ይህኛው የሚመልሰው "ምን ያህል ያስጠላል? ምን ያህል ያስፈራል?" የሚለውን ነው።

ስለዚህ ያው ሰፈር ከአከራዬ ጭቅጭቅም ይመጣለታል፣ ከወገቤም ይመጣለታል። አንዱ ሲነቃ ሌላው አብሮ ይነቃል። መገጣጠሚያቸው የተቆጣ አይጦች ላይ በተደረጉ ምርምሮች የአሚግዳላው ሕዋሳት ከመጠን በላይ ንቁ ሆነው ተገኝተዋል፤ የሲአርኤፍን ተቀባይ በመድኃኒት ሲዘጉባቸው የህመሙ ምልክትም የፍርሃቱም ምልክት አብረው ቀንሰዋል። ሰው ላይ ደግሞ በ2013 የወጣ አንድ ጥናት አለ። የአሜሪካ ተመራማሪዎች ወገባቸውን አዲስ የታመሙ ሰዎችን ለአንድ ዓመት እየተከታተሉ አንጎላቸውን በምስል አዩ። ህመሙ ያልለቀቃቸው ሰዎች ላይ፣ መጀመሪያ የህመምን ስሜት በሚቀበሉት ክፍሎች የነበረው እንቅስቃሴ ከወራት በኋላ አሚግዳላን ወደሚጨምረው የስሜት መስመር ተዛውሮ ተገኘ። ይህን ስሰማ ኤምአርአዩን የመለሰልኝ ሐኪም ትዝ አለኝ። እርሱ የወገቤን ምስል ነበር ያየው፤ ነገሩ ከወገቤ ወጥቶ ሌላ ቦታ ገብቷል።

ሰፊ ስለሆንኩ ለራሴ የተረዳሁት በመኪናዬ ነው። የክሩ ማጥበቂያ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ምንም እንከን የሌለበት ጨርቅ ላይ ስፌቱ ይኮማተራል፣ ክሩ ይበጠሳል። ጨርቁን ብትለውጥ አይድንም፤ ማጥበቂያውን ማላላት ያስፈልጋል። እርሱም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከላላ ስፌቱ ይበላሻል፤ ጥቂት በጥቂት ነው።

ወደ ሱሱ ልምጣ። በሱስ ምርምር ስሙ የሚጠራው አሜሪካዊው ጆርጅ ኩብ ለብዙ ዓመታት የተናገረው ነገር ለኔ ቁልፉ ይህ ነው፦ ሰው መጀመሪያ የሚወስደው ደስ እንዲለው ነው፣ እየቆየ ግን የሚወስደው ክፉ ስሜት እንዲለቀው ይሆናል። በዚያ መካከል የሚለወጠው አንዱ ነገር ይኸው የአሚግዳላ ሲአርኤፍ ነው። አልኮል፣ ኒኮቲን ወይም ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያለ) ለረጅም ጊዜ ሲሰጣቸው ቆይቶ የተከለከሉ አይጦች ላይ የሲአርኤፉ ሥራ ይጋጋላል፤ እንስሳው ይረበሻል፣ ይፈራል። ህመምም ይበረታበታል፤ አልኮልና ሄሮይን በለመዱ አይጦች ላይ ለህመም ያላቸው ስሜት ከፍ ማለቱ ታይቷል። ምርቃናዬ ሲበርድ ወገቤ ለምን ይብስ እንደነበር ያብራራልኝ ይህ ነው። በ2019 የወጣ ሌላ ምርምር ደግሞ በቀጭን የብርሃን መስመር ከአሚግዳላ የሚነሡትን ሲአርኤፍ አመንጪ ሕዋሳት ብቻ ለይቶ ዝም አሰኘ። አልኮል የለመዱት አይጦች መጠጣቱን ቀነሱ፣ የማቆም ሥቃያቸውም ረገበ።

እነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ በአይጥና በአልኮል፣ በኦፒዮይድ፣ በኮኬይንና በኒኮቲን ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ጫት ከእነርሱ ጋር በሁሉም ነገር አንድ ነው አልልም። ሐራራና ዱካክ፣ ብስጭትና ድብርት ቅጠል በቆመ ማግስት ለምን አብረው እንደሚመጡ ግን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ለሚያነብ ሰው መናገር ያለብኝ አንድ ብርቱ ነገር አለ። "ታዲያ ሲአርኤፍን የሚዘጋ ኪኒን የለም?" ብዬ ጠይቄ ነበር። ተሞክሯል። ለድብርት፣ ለጭንቀትና ለአልኮል ሱስ በሰው ላይ የተሞከሩት መድኃኒቶች አይጥ ላይ የታየውን ውጤት አላመጡም። በ2024 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከዚህ ቤተሰብ አንድ መድኃኒት ተፈቅዷል፤ እርሱ ግን በዘር ለሚመጣ የአድሬናል ዕጢ ሕመም ነው እንጂ ለህመም ማስታገሻ ወይም ለሱስ አይደለም። ስለዚህ "የአንጎል ጭንቀት የሚያጠፋ" ብሎ ኪኒንም ሆነ ዱቄት የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን አትስጡ።

እንዲያው ሐኪም ሳያዝ ትራማዶል የምትውጡም ተጠንቀቁ። በየመንደሩ እንደ ቀላል ማስታገሻ ይታያል። ኦፒዮይድ ነው፣ ያስለምዳል፣ በድንገት ሲቆም ራሱን የቻለ ሥቃይ አለው፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍም ሊያመጣ ይችላል፣ ከሚያነቃቃ ነገር ጋር ሲሆን ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ዲክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻም ቢሆን ጫት የምግብ ፍላጎት በዘጋው ባዶ ሆድ ላይ ለወራት መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ምን እንዳደረግኩ ልናገር። መጀመሪያ የነካሁት ወገቤንም ጫቱንም አልነበረም፤ እንቅልፌን ነው። ይህ የእህቴ ልጅ ምክር ነበር። "ሲደክምህ ነው ሁሉም የሚበረታብህ፤ ሌሊቱን እናስተካክል" አለኝ። ጫቱን ከማቆሜ በፊት የመቃሚያ ሰዓቱን ቀደም አደረግኩት፦ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቅጠል አፌ አይገባም። ብዙ ቃሚ የሚቸገርበት ምርቃናውን በመጠጥ መስበር፣ ጨብሲ የምንለው፣ እርሱንም ቤቴ እንዳይገባ አደረግኩ፤ አልኮል እንቅልፍ ያመጣ ይመስላል እንጂ ሌሊቱን ይቆራርጠዋል። እንቅልፌ ትንሽ ሲጠና ነው እስሩን ማሳነስ የጀመርኩት። በየሳምንቱ ጥቂት፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ ቅዳሜ ብቻ። በአንድ ጊዜ የሚያቆሙ ሰዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። እንደኔ ህመም ያለበት ሰው ግን ዝግታው የሚጠቅመው ይመስለኛል፤ ሰውነቱን በአንድ ቀን ሁለት ጦር ግንባር ላይ አያቆመውም።

ዱካኩ መጣ፤ እንደሚመጣ አውቄ ስለጠበቅኩት ያኔ እንደቀድሞው አላስደነገጠኝም። ሌሊት ስነቃ መብራት አበራለሁ፣ እግሬን ቀዝቃዛው መሬት ላይ አሳርፋለሁ፣ ትንፋሽ ከምስበው በላይ አስረዝሜ አወጣለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ትደነግጥ ነበር፤ በኋላ እጇን ጀርባዬ ላይ ማስቀመጥ ብቻ በቃኝ። በሳምንታት ውስጥ እየሳሳ ሄደ።

ስለ ባለቤቴ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ቤተሰብ ይህን ማወቅ አለበት። የሐራራ ሰዓት ላይ ቁጣ ሲጨመርበት ሐራራው ይብሳል። ይህ የሰው አመለካከት ብቻ አይደለም፤ ያቪን ሻሃም የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንዳሳዩት፣ የለመደውን ዕፅ ለማግኘት የሚጫነውን ማንሻ መጫን ፈጽሞ የተወ አይጥ እግሩ ሥር ለአጭር ጊዜ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲሰማው ወደ ፍለጋው ይመለሳል። በዚያ መመለስ ውስጥም ሲአርኤፍ አለበት። እኛ ቤት ንዝረቱ ጭቅጭቅ ነበር። ገንዘብ ትደብቃለች፣ እኔ እጮኻለሁ፣ እርሷ ታለቅሳለች፣ እኔ በሩን ዘግቼ ቀጥታ ወደ በርጫው። የእህቴ ልጅ ሁለታችንንም አስቀምጦ ሲነግራት "ታዲያ ዝም ልበለው?" ብላ ጠየቀችው። "ዝም አትበይው እትዬ፤ ግን በዚያ ሰዓት አይደለም" አላት።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ለሌሎች ሚስቶች፣ እናቶችና ባሎችም እነግራለሁ። ፊቴ ሲለወጥ ስታይ "ስንት ደርሷል?" ትለኛለች። ከአሥር ስንት እንደሆነ እነግራታለሁ፤ የሐራራውንም የወገቡንም። ያኔ ቡና ትቆላለች። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ እስኪወርድ ብዙውን ጊዜ የሐራራው ኃይል አልፏል። የገንዘብና የኪራይ ነገር የምንነጋገረው ጠዋት፣ ሁለታችንም ቀዝቀዝ ስንል ነው። ከአከራዩም ጋር ሽማግሌ አስቀምጠን ተስማማን፤ ያ ስምምነት ከብዙ ኪኒን በላይ ወገቤን ጠቅሞታል።

ወገቡን በሚመለከት ወደ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሄድኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ሲያምህ ምን ይሰበራል ብለህ ትፈራለህ?" የሚል ነበር። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ህመም ሁልጊዜ ጉዳት ማለት እንዳልሆነ፣ በዓለም አቀፍ የህመም ጥናት ማኅበር ትርጓሜ ራሱ ህመም የስሜት ሕዋስም የመንፈስም ገጠመኝ እንደሆነ አስረዳችኝ። ከዚያ የመቀመጫዬን ከፍታ አስተካከልኩ፣ መርገጫውን ወደ እኔ አቀረብኩ፣ አንድ ልብስ በጨረስኩ ቁጥር መነሣትን ልማድ አደረግኩ። የካውያውን ጠረጴዛ ሆን ብዬ ከመኪናው አራቅኩት፤ ለመተኮስ መሄድ ግድ እንዲሆንብኝ። ማለዳ ከሸዋ በር ተነሥቼ ግንቡን ተከትዬ እስከ ቡዳ በር እሄዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ሲያመኝ አቆም ነበር፤ እርሷ ግን ህመሙ ሲነሣ ሳይሆን አስቀድሞ በተወሰነ ርቀት ላይ እንዳቆም፣ ርቀቱንም ቀስ በቀስ እንድጨምር አዘዘችኝ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ያ የሚፈራው የአንጎል ክፍል ግን የሚማረው ከዚህ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ምንም ሳይሆን ሲቀር፣ እንደገና ጎንበስ ብሎ ምንም ሳይሆን ሲቀር።

ከኔ ጎን የሚሰፉት ሐጂ ሁሉንም በዝምታ ሲያዩ ከርመው አንድ ቀን "አንተ ልጅ፣ ፊትህ ተመለሰ" አሉኝ። "ወገቤ ግን ገና ነው ሐጂ" ስላቸው "እርሱም ፊትህን አይቶ ይመጣል" አሉኝ። እርሳቸው በአሚግዳላ ቋንቋ አይናገሩም፣ ነገሩን ግን አውቀውታል።

የሠፈራችን አንድ ባለሙያ ለዓመታት ጫት ሳይነካ ቆይቶ፣ የወንድሙን ለቅሶ በተቀመጠበት ሳምንት ተመለሰ። ብዙዎች አሙት። እኔ ያሰብኩት ግን ሌላ ነው፦ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለመብላት፣ ለቅሶ ቤት የሚቃም ቅጠል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ። እንዲህ ያለ ሳምንት ሊመጣ እንደሚችል አውቆ አስቀድሞ የሚያድርበትን ቤት፣ አብሮት የሚቀመጠውን ሰው ማሰብ ይቻላል። እኔ ከባለቤቴና ከእህቴ ልጅ ጋር ተነጋግረንበታል፤ ሐዘን ቢደርስብኝ ለቅሶ ቤት ከማን ጋር እንደምቀመጥ እንኳ ተወስኗል።

አሁን ወገቤ አልፎ አልፎ ያመኛል፣ በተለይ ስጨነቅና ሳልተኛ ሳድር። ከመጣ ግን ከየት እንደመጣ ስለማውቅ አልደነግጥም፤ ሳልደነግጥ ስቀር ደግሞ ቶሎ ይለቃል። ቅዳሜ ከሰዓት ሐራራው ይነሣል። ይነሣል፣ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ ማለቴ ህመምን ሁሉ በአንጎል ላይ ለመጣል አይደለም። እግር ከደከመ ወይም ከሰነፈ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ቀን የሚሰጥ ነገር አይደለም። ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ከህመሙ ጋር ከመጣም መመርመር ግድ ነው። ጫት ስታቆሙ ወይም ህመሙ ሲሰለቻችሁ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ለምትቀርቡት ሰው ወዲያውኑ ንገሩ፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ፤ የመጣው ሐሳብ የበሽታው አካል ነው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል የጻፋችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። ተራ የልጅ ደብተር ይበቃል፦ ስንት ሰዓት አመመኝ፣ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ምን ያህል ቃምኩ፣ በዚያ ቀን ምን አስጨነቀኝ። የመጨረሻውን አትዝለሉት፤ የእኔን ነገር የገለጠው እርሱ ነው። ጫቱንም አትደብቁ፣ በእፍረት ግማሹን ብቻ አትናገሩ። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ሊያውቀው ይገባል፤ ቀዶ ሕክምና ካለ ደግሞ ማደንዘዣ ለሚሰጠው ባለሙያ መጨረሻ የቃማችሁበትን ቀንና ሰዓት ጭምር ንገሩት።